አባዬ የፈለገው ነገር

አባዬ ግራ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ሦስት መሥሪያ ቤቶች እንደ ኳስ ሲቀባበሉን ከርመዋል። ጤና ቢሮ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ወደ ቤቶች አስተዳደር፣ ቤቶች መልሶ ወደ ጤና። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሥራ ስውል አባዬን የሚያይልኝ ሰው። ልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ። አለቃዬን ማርፈዴና መቅረቴ አንገሽግሾታል፤ አንድ ቀን ብደግም እንደሚያሰናብተኝ ቁርጡን ነግሮኛል።

ስለዚህ ቢሮዎቹ «የጋራ ግብ» የሚባል አሠራር ጀመሩ ሲባል ተስፋ አደረግሁ። ሦስቱም አንድ ላይ ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ታማሚውን ራሱን ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁታል፤ ያለውንም የሁላቸውም ግብ ያደርጉታል። ይህን ማን ይጠላል? እኔም ወደድኩት።

የሚመጡ ዕለት አባዬ ካልተላጨሁ ብሎ ፍዳዬን አበላኝ። ላጨሁት፣ ኮቱን አለበስኩት፣ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ እንግዳ ፊት ችግሩን ከሚያወራ ራቁቱን ቢቆም ይመርጣል። ይህን ስለማውቅ «የሚረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ በል» እያልኩ ሳስጠናው ነበር ያደርኩት።

ሦስቱም መጥተው ሲቀመጡ አስተባባሪያቸው ወንበሯን አስጠጋች። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?»

«እኔ? እኔ ምን ቸግሮኝ። ልጄ አጠገቤ ካለች ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ብቻ እናንተ ደህና ሁኑልኝ።»

የጨዋ ሰው ወግ ነው። እነሱም ቤታቸው ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉት። ግን ተያዩና ሦስቱም ፊታቸው በራ። «ኧረ እሱ ማለት የፈለገው…» ብዬ ብጀምር አስተባባሪዋ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እህቴ፣ እዚህ የምንሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው» አለችኝ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ቢሮዎች እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተስማሙ፤ ልጃቸው ከአጠገባቸው ትሁን።

ፋብሪካው ብዙም አልታገሠኝም። አንድ ጠዋት አባዬ ከአልጋው ወድቆ አገኘሁትና ቀረሁ። በነጋታው ማሽኔ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ሄጄ ለአስተባባሪዋ ስነግራት ከልቧ አዘነች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰድቤያት እገላገል ነበር።

«ግን አሁን ቀኑን ሙሉ አብረሻቸው ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ግቡ ተሳክቷል። የተሳካ ግብ ደግሞ እንደገና አይታይም። የሚታየው አንቺ ጥለሻቸው ከሄድሽ ብቻ ነው።»

ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። «ታዲያ ጥላኝ ሄደች እላታለኋ» አለ። «ስትመጣ አንቺ ጥፊ፤ ሌላውን ለእኔ ተይው።» ሳቅን። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

አስተባባሪዋ ለክትትል የመጣች ቀን አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ክፍት ትቼው ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል።

«አባባ፣ ልጅዎ የለችም?»

በልቤ «በል እንጂ፣ በል» እላለሁ።

«ጥላዎት ሄደች እንዴ?»

«የኔ ልጅ?» አለ፣ ቃሉን በተያዘ አፉ እየጎተተ። «የኔ ልጅ እኔን ጥላ? ዳቦ ልትገዛ ወጣ ብላ ነው። አሁን ትመጣለች፤ አረፍ በይ።»

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አለቀስኩ። የቀረችንን አንድ መንገድ የዘጋው እሱ ነው፤ የዘጋውም እኔን በሰው ፊት ላለማማት ነው። ዓይኔን ጠራረግሁና፣ ድምፅ ሳላሰማ በራችንን አልፌ፣ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ።