ጋሼ የለቀቁልኝ ወንበር

ራጅ ክፍላችን ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር፤ አንዱ ደህና፣ ሌላው እግሩ የሚንገዳገድ። ደህናውን ጋሼ ለቀቁልኝ። ይህን ደግነታቸውን ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ ለእናቴ ነግሬያታለሁ፣ ጆሮ ለሰጠኝ ታማሚ ሁሉ አውርቻለሁ። አፌን በቆረጠው!

ጋሼ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ትምህርት ቤት የሰጠኝ ወረቀት ነው፤ ሙያውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። የሚያለቅስ ሕፃን እንዴት ለአንድ አፍታ ጸጥ እንደሚል አሳዩኝ። "ትንፋሽዎን ይያዙ" የተባለ ሽማግሌ "ይተንፍሱ" ካልተባለ እስከ ማታ ይዞ እንደሚቆይም ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ባጄን ጋዋኔ ደረት ላይ የሰኩልኝ እሳቸው ነበሩ። "ይቺ ካለችሽ የሚነካሽ የለም፣ ልጄ" አሉኝ።

ባጁ እንኳን ከጨረራ ከዝንብም አይከልልም፤ የነካንን ጨረራ መዝግቦ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ውስጡ ያለችው ቺፕ በየሦስት ወሩ በጋሼ እጅ ወጥታ ወደ ጨረራ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ያነቧትና ውጤቱን ይልኩልናል። እኛ በጨረራው ብንጠራውም፣ የአደጋ መከላከል ሥራ ሁሉ የዚህ መሥሪያ ቤት ነው። ጎርፍ ሲመጣ ጀልባ የሚልከው፣ እሳት ሲነሳ ሳይረን የሚያስጮኸው፣ የራጅ ክፍል ግድግዳ የሚለካው ሁሉም እሱ ነው። ሠራተኞቹን ጋሼ "ጠቅ ጠቆች" ይሏቸዋል፤ የያዙት መለኪያ ጨረራ ሲያገኝ ጠቅ ጠቅ ስለሚል። "ጠቅ ጠቆች መጡ ማለት ዘጉን ማለት ነው" ይላሉ፣ እኛም እንስቃለን። እኔማ የምር እፈራቸው ነበር።

ራጁን የምናነሳው ከአንዲት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሆነን ነው። የጓዳዋ ፊት ግማሹ ግንብ፣ ግማሹ መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጡ እርሳስ የሚባለው ብረት ስላለበት ወደ ቢጫ ያደላ ነበር፤ በእሱ በኩል ሲታይ ታማሚው ሁሉ ጉበቱን የታመመ ይመስላል። ባለፈው ዓመት የኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋ ሰው ጋሪው አመለጠውና መስታወቱን ሰነጠቀው። በሳምንቱ አዲስ ተገጠመ። ኩልል ያለ፣ ውሃ የመሰለ መስታወት።

"ደግሞ ቢጫው የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አዲስ ሥሪት ነው። ዘመን ይለወጣል፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ነው ወንበሩን የለቀቁልኝ። መስታወቱ ፊት ለፊት የነበረው ደህናው ወንበር የእሳቸው ነበር። "የኔ ዓይን እንግዲህ ደክሟል፣ ታማሚውን አንቺ እዪው፤ ብርሃኑም ላንቺ ይሁን" አሉና ተንገዳጋጁን ወስደው ከግንቡ ጀርባ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው እንዲህ ዝቅ ሲልልኝ አፈርኩ። እምቢ ብዬ ተግደረደርኩም። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

እርጉዝ መሆኔን ከባሌ ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። ውጤቱን ይዤ ከላብራቶሪ ስወጣ ኮሪደር ላይ ተገናኘን፣ ደስታዬም አላስችል አለኝ። ጋሼ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አያቱ እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ" አሉ። ከዚያ ግን ፍርሃት መጣብኝና እስክወልድ ድረስ ካርድ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ለመንኳቸው።

"ለምን ብለሽ? የባጅሽ ውጤት እኮ ከኔም ይልቅ ንጹሕ ነው! ንጹሕ!" አሉኝ።

"ለማንኛውም ጨረራ መሥሪያ ቤት ደውዬ ልጠይቅ?"

"ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። እነሱ መጥተው ክፍሉን ቢያሽጉት የሚጎዳው ማን ነው? አርፈሽ ተቀመጪ። ከባድ ከባዱን እኔ አነሳልሻለሁ።"

አነሱልኝም። ሐሰት አልናገርም፤ ታማሚ ደግፈው አልጋ ላይ ያወጡ ነበር፣ የእርሳስ ሽርጡን ራሳቸው ይሰቅሉ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ሚስታቸው የሰፏትን አበባ አበባ ያላት ትራስ ይዘው መጡና ወንበሬ ላይ አነጠፉልኝ። የክፍሉ ባልደረቦች "ምነው እኛንም ባስረገዙን" እያሉ ቀለዱ። ለባሌ "አባቴ ቢኖር ከዚህ የበለጠ አያደርግልኝም" አልኩት።

ሆዴ ገፍቶ ጋዋኔ አልቆለፍ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከጨረራ መሥሪያ ቤት አንዲት ተቆጣጣሪ ሳይነገር ከች አለች። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ጫማዋ ላይ ጭቃ የደረቀባት ሴት ናት። ጋሼ "እንኳን ደህና መጡ፣ የኔ እመቤት" ብለው ግማሽ ጎንበስ አሉ፤ ወደኔ ዞር ብለውም ጠቀሱኝ። እኔም በሆዴ "ዛሬ ጉዳችን ፈላ" አልኩ። ፈርቼ የነበረው ለእሳቸው ነው።

ሴትዮዋ ወሬ አላበዛችም። ውሃ የተሞላ ጄሪካን አልጋው ላይ አጋደመች።

"ዛሬ ታማሚያችሁ ይሄ ነው።"

"እሱስ ተመስገን፣ ትንፋሽህን ያዝ አይባልም" አሉ ጋሼ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"እንደ ወትሯችሁ አንሱት። ማን የት ሆኖ እንደሚሠራ ማየት እፈልጋለሁ።"

እንደ ወትሮዬ ወደ ወንበሬ አመራሁ። ሆዴን ስታይ ክንዴን ያዘችኝ። "አንቺ ከእኔ ጋር ኮሪደር ነይ፣ እህቴ። እሳቸው ያንሱ። ይህ ወንበር የማን ነው?"

"በየተራ ነው የምንቀመጥበት" አሉ ጋሼ ፈጠን ብለው።

ነገሩ ገረመኝ። በየተራ? ግን ምናልባት እኔን ለማዳን ያሉት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ልረዳቸው ብዬ ቀልድ ጨመርኩ። "ታዲያ ጋሼ፣ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው፤ ይቀመጡ እንጂ! ትራሱ እንደሆነ አይናከስም።"

አልተቀመጡም።

"ቆሜ ይሻለኛል።"

"እንደ ወትሮው ነው ያልኩት" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ይቀመጡ።"

"ወገቤን ያመኛል።"

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ያችው ተንገዳጋጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አነባብረው ሲያስቁን ነበር። የምን የወገብ ሕመም ነው? ግንባራቸውን አየሁት፤ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ላብ አቸፍችፎበታል። ከዚያ እጃቸው ሄደ። ማስነሻውን ቁልፍ ከነገመዱ ከጠረጴዛው ላይ ሳቡት፤ ገመዱ ሳይቸገር ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፣ እስከ ግንቡ ጀርባ ደረሰ። ጥምዝምዙ ገመድ ለምን እንደዚያ እንደላላ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ምሳ ልበላ ስወጣ ብቻቸውን የሚያነሱት እንዲህ ነው ለካ። ትከሻቸውን ግንቡ ላይ ለጥፈው ቆሙ።

ተቆጣጣሪዋ ያየሁትን አይታለች። "ግድ የለም" አለችና መለኪያዋን ትራሱ ላይ አስቀመጠች፤ ልክ እኔ የምቀመጥበት ቦታ፣ ስርጉድ ያለው ላይ። እኔን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና "አሁን ያንሱ" አለች።

መለኪያው ጠቅ ጠቅ አላለም። ጠቅታው ተቀጣጥሎ አንድ ጩኸት ሆነ። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም።

ቀጥሎ መለኪያውን ጋሼ ከቆሙበት፣ ከግንቡ ጀርባ አስቀምጣ እንደገና አስነሳች። አንድ ሁለቴ ጠቅ ብሎ ዝም አለ።

ተመልሰን ስንገባ መስታወቱን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። "ይሄ የመኖሪያ ቤት መስኮት ነው። ጨረራ የሚያግድ እርሳስ የለበትም። ባጅሽን ስጪኝ።"

ባጁን ነቅዬ ሰጠኋት። እንዳይከፈት የሚታሸግበትን ተለጣፊ ቀድዳ ከፈተችው። ባዶ ነው። ቺፗ የለችም። "የመጣሁት ለዚህ ነው" አለች። "ያንቺ ውጤት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ባጅ ውጤት ነው። ራጅ ክፍል የሚሠራ ሰው እንዲህ ንጹሕ አይሆንም።"

መሳቢያ ስትል ጋሼ ዓይናቸው ወደ ጠረጴዛቸው ሄደ። ራሳቸው ከፈቱት። ቺፔ ከጉንፋን ክኒናቸው አጠገብ፣ በፖስታ ውስጥ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ "አሉ"፣ "መጡ" እያልኩ መጣሁ። ከዚህ በኋላ እጄ እሺ አይለኝም።

"ልጄ፣ ስሚኝ" አለ ጋሼ። "የሆስፒታሉ አስተዳደሮች የእርሳሱ መስታወት እስኪገዛ በዚህ ያዙ አሉኝ። ነገ ዛሬ ሲሉ ከረሙ። ባጅሽ እውነቱን ቢናገር ክፍሉ ይታሸጋል፤ ያ ሁሉ አጥንቱ የተሰበረ ሰው የት ይሄዳል? ያንቺስ እንጀራ? ደግሞ ጥቂት ነው፤ ጥቂት መስሎኝ ነው።"

"ጥቂት ከሆነ ለምን አልተቀመጥክበትም?"

ከተዋወቅን ጀምሮ አንቱ ያልኩትን ሰው አንተ ስለው ጆሮዬ ራሱ ደነገጠ።

ተቆጣጣሪዋ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። በቀን ስንት ሰው እንደማነሳ፣ ከመቼ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ጠየቀችኝ። "የደረሰሽን እናሰላዋለን፤ ነገ ሐኪም ያይሻል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ደህና ይወለዳል። ግን ሳላሰላው ደህና ነው አልልሽም።"

ፈራሁ፤ ቢሆንም ይህችን የማላውቃትን ሴት አመንኳት። ስለ ልጄ ሳታውቅ "ንጹሕ ነው" ያላለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ንዴቴ ግን መውጫ ፈለገና እሷው ላይ ወጣ።

"ቺፔ መሳቢያ ውስጥ ስትከርም የት ነበራችሁ? ለምን ዘገያችሁ?"

ጭቃ የደረቀበትን ጫማዋን አየች። "ሁላችንንም ጎርፉ ላይ ልከውን ነበር። ውጤትሽ ጠረጴዛዬ ላይ ከርሟል።" ጭቃውን በጣቷ ፈቀፈቀችው። "ይህ ሰበብ እንጂ መልስ አይደለም። ይቅርታ።"

ከዚያ ተነስታ የራጅ ክፍሉን በር በቀይ ወረቀት አሸገችው። ጋሼ የፈራው ደረሰ። ተራ ይዘው የነበሩ ታማሚዎች እያጉረመረሙ ተበተኑ፤ አንዲት እናት እጇ የታሰረ ሕፃኗን አዝላ "የት ልሂድ ታዲያ?" ስትል ጋሼ "ይኸው!" ብሎ አየኝ፤ ጥፋቱ የኔ ይመስል። በዚህ ደግሞ ደሜ ፈላ። ያችን ሴትዮና ሕፃኗን ሌላ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና የጠራችላት ተቆጣጣሪዋ ነበረች።

ኮሪደሩ ጭር ሲል ጋሼ ኮቱን ይዞ ወጣ። በአጠገቤ ሊያልፍ ነበር። እኔ ነኝ የያዝኩት። መስታወቱን ሌላ ሰው ቀየረው፣ ቺፗን ክፍሉ እንዳይዘጋ ደበቃት፣ ወንበሩንም ለራሱ ነፍስ ሰስቶ ለቀቀልኝ፤ ይህን ሁሉ ብጠላውም ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ።

"ትራሱን ለምን አመጣህልኝ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ያ የማውቀው፣ አያቱ እኔ ነኝ ያለ ዕለት እንባ ያቀረረው ዓይኑ ነው። ጥያቄው ራሱ ገረመው።

"ወገብሽን እንዳያምሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ" አለኝ።

አመንኩት። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።