ጋሽ ፍሬን የሚከተሏቸው ሰዎች

ጋሽ ፍሬን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እርግብ አስፋልት ላይ ጥሬ ስትለቅም ካዩ ፍሬን ይይዙና ቆሞ የሚሄደውን ተሳፋሪ ሁሉ እርስ በርሱ ያላትሙታል። ሲነጫነጩባቸው «እሷም መንገደኛ ናት» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ገጭተው አያውቁም።

ልጃቸው አንዲት ናት። ሚጣ ይሏታል፤ ተምራ ጨርሳ፣ ሌላ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጥራ፣ ባል አግብታ እንኳ ለእሳቸው ያው ሚጣ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ መደወል እየቀነሰች መጣች። በየሳምንቱ ትደውል የነበረችው ልጅ ኋላ ሲደውሉላት ብቻ የምታነሳ ሆነች፤ ከዚያም «ሥራ ላይ ነኝ አባዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ የማትመልስ። ጋሽ ፍሬን አልተቀየሟትም። ሥራ ነው፣ ኑሮ ነው አሉ። ዘመናዊ ስልክ ገዙ፣ ጎረቤት አካውንት ከፈተላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን በፎቶ ያይዋት ጀመር።

ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ያደርጉታል። ሚጣ ነጭ ጋውን ለብሳ መድኃኒት መደርደሪያ ፊት ቆማለች፤ ሚጣ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ ነገር ሳይጽፉ አያልፉም። «ከሳሽ። አባትሽ ነኝ።» «ደረብ አድርጊ፣ ብርድ ይመስላል። አባትሽ ነኝ።» ስማቸው ከላይ እንደሚወጣ ቢነገራቸውም አላመኑም፤ ብትስተኝስ ብለው ነው።

ከዚያ አንድ ሰሞን ሚጣ ከስልኩ ጠፋች።

ጋሽ ፍሬን ጥፋቱን የሰጡት ለራሳቸው ነው። ስልኩ «ይህን ይከተሉ» ባላቸው ቁጥር እሺ ሲሉ ከርመዋል፤ ተጠይቀው እምቢ ማለት አልለመደባቸውም። ጎማ ነጋዴው፣ ዶሮ አርቢው፣ ራሰ በራ አድናለሁ ባዩ፣ የማያውቋቸው ሙሽሮች፣ ሁሉም ተሳፍረዋል። በሥራ መውጫ ሰዓት አውቶቡሱ ጢም ሲል በኋላ በር በኩል የቆመ ሰው በመስታወት አይታይም፤ የልጃቸውም ነገር እንዲያ መሰላቸው። ግርግሩ ዋጣት እንጂ የት ትሄዳለች አሉ።

ይህንን ያዋዩት ከሚስታቸው እህት ጋር ነው። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች «ትንሿ» ስለምትላት ቤተሰቡ ሁሉ በዚያው ቀረ፤ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነች፤ ወረቀት ተዝረክርኮ ስታይ እጇ ይበላታል። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ እያለች ቤቱን ታያለች፣ የግፊት ኪኒናቸውን መውሰዳቸውን ትጠይቃለች፣ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች። ጋሽ ፍሬን የዚያን ዕለት ስልኩን ፊቷ አኖሩና፣ እባክሽ ይህን ነገር ፈር አስይዢልኝ አሏት። ለምን እንደሆነም ነገሯት።

ትንሿ ስልኩን ለማንሳት ዘገየች። አንስታም ስለ ሚጣ ምንም አላለችም፤ ከላይ ጀምራ የሚከተሏቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ገባች።

«ጎማ ይገዛሉ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ምኔ ላይ ልገጥመው?»

«ታዲያ ይህን ሰው ምን ያደርጉታል?»

«ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።»

ማንም እንዳልጠየቃቸው፣ ማሽን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ጎማ ነጋዴው ወረደ። ዶሮ አርቢው ወረደ። ሙሽሮቹ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ፍሬን ትንሽ አንገራገሩ፤ መቼም ተጋብተዋል፣ ምን ላይ እንደደረሱ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር አሉ። ትንሿ ሳቀችና እነሱንም አወረደቻቸው። የቀሩትን በየፈርጃቸው አስቀመጠችላቸው፤ ዘመድ ለብቻው፣ የሥራ ባልደረባ ለብቻው፣ የአየር ጠባዩና የጤና ምክሩ ለብቻው። አብረዋቸው ይነዱ የነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ አንድ ሰው ገጽ መጣ። ይሰረዝ ወይ ብላ ስትጠይቃቸው፣ ሰው ሞተ ተብሎ ይሰረዛል እንዴ አሉና እዚያው ቀረ። ቀጥሎ የሚስታቸው መጣ። አንድ ፎቶ ብቻ ያለበት ገጽ ነው፤ ሚጣ ከፍታላት፣ እንዴት እንደሚነካ ሳትለምደው የቀረ።  የትንሿ ጣት አለፈው።

ሥራው ሲያልቅ ስልኩ ጠቦ ቀለለ። ጋሽ ፍሬን ወንበራቸውን አስጠጉ።

«እንግዲህ አሁን ትታያለች፣ አይደል?»

ትንሿ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ከውስጥ የቧንቧው ውኃ ሲወርድ ይሰማል። ጋሽ ፍሬን ራሳቸው የልጃቸውን ስም በአንድ ጣት ለቃቅመው ጻፉ። ስልኩ እንዲህ የሚባል ገጽ የለም አላቸው። ፊደል ስተው እንደሆነ ብለው እንደገና ጻፉ። ያንኑ መለሰላቸው። ትንሿ ተመልሳ በሩ ላይ እጇን በፎጣ ስታደርቅ አገኟት።

«ዘግታው ይሆን? አንቺ ጋ ትታያለች?»

አዎ ዘግታዋለች ብትል ይገላገሉ ነበር፤ አፏ እምቢ አላት። እጇ ደርቆም ፎጣውን አለቀቀችውም።

«የዘጋችው በእርስዎ ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«በእኔ ላይ ብቻ?»

«በእርስዎ ላይ ብቻ።»

ጋሽ ፍሬን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። አስተያየቴ አስቀይሟት ይሆን ብለው ጠየቁ፤ ከሳሽ ማለቴ፣ በጓደኞቿ ፊት አሳፍሬያት ይሆን አሉ። ትንሿ ተቀመጠች። እሱ ቢሆንማ ምን ነበረበት አለች። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ስትውጠው የከረመችውን ነገር አወጣችው። ሚጣ በስልክ አልቅሳ ያለቻት አንድ ነገር ነው፤ «እናቴን ሳልሰናበት አስቀረኝ። ፊቱን ባየሁ ቁጥር ያ ነው የሚታየኝ።» ትንሿ ራሷም ቅሬታ እንዳላት አልደበቀችም። እህቴ በተኛች ጊዜ እርስዎ ራስዎ «ለሚጣ ነግሬያታለሁ፣ ትመጣለች» ብለውኝ አልነበረም ወይ አለች፤ አምኜዎት ዝም አልኩ፣ ልጅቱ የመጣችው ግን ለቀብር ነው። «ለምንድን ነው ያላስጠሯት፣ ጋሼ? እስቲ ዛሬ እንኳ ይንገሩኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሚጣ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ፈተና ልትቀመጥ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ከገባች በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ነርሷ ወጣ እንዳለች፣ የባሏን እጅ ያዘች። በሞቴ፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግራት አለቻቸው። በሞቴ የሚለውን ቃል ሰው ጉርሻ ለማጉረስ እንኳ ይለዋል፤ እሷ ግን የምትለውን ታውቅ ነበር። እንዲህ ማለቴን ለትንሿም እንዳትነግራት፣ እሷ አፏ አያርፍም አለች። ጋሽ ፍሬን ማሉላት። ሐኪሞቹም ጊዜ አላት ብለዋቸው ነበር። ፈተናው ሳያልቅ ሞት ቀደመ።

ከቀብር መልስ ሚጣ ለምን አልነገርከኝም ብላ ስትጠይቃቸው፣ እውነቱ እስከ ምላሳቸው ጫፍ መጥቶ ነበር። ግን ምን ይበሉ? እናትሽ ናት እንዳትነግራት ያለችኝ ቢሏት፣ ልጅቱ በአንድ ቀን እናቷን ሁለት ጊዜ ልትቀብር ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አሉና አቀረቀሩ። ኀዘኑ ሲበርድላት ቁጣዋም ይበርዳል ብለው ነበር። ኀዘኑ በረደ፤ ቁጣው ባሰ።

አሁንም ትንሿ ፊታቸው ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

ትንሿ ሌላ ነገር ጠብቃ ኖሮ ፊቷ ወደቀ። ግን ደግሞ አንጀቷን በሏት። ስልካቸውን አነሳችና ልታጽናናቸው ሞከረች። የሚጣን ጓደኛ፣ ፋርማሲው ውስጥ አብራት የምትሠራውን ባለ መነጽሯን ይከተሏት የለም ወይ፣ ሚጣ እሷ ገጽ ላይ አልፎ አልፎ ትታያለች፣ እሷን ከሁሉ በላይ አደርግልዎታለሁ አለቻቸው። ገጹንም ከፍታ ሰጠቻቸው። የምታሳያቸው ምን እንደሆነ ትዝ ያላት ከሰጠቻቸው በኋላ ነው።

ሴቶች አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሚጣ መሐላቸው ናት። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁለት እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሆዷ ገፍቷል።

ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን አወረዱ። ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉት። ፊቷን አዩ፣ ቀጥለው እጇን አዩ፣ ተመልሰው ፊቷን አዩ። ሞላ ብላለች፤ ከሳሽ አይባልም። የእናቷን አቀማመጥ ነው የምትቀመጠው፣ ወደ ግራ ዘመም ብላ። የሚጽፉበት ቦታ ከሥር ክፍት ነበር። ጣታቸው ወደዚያ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«አውርጃት» አሉ።

ትንሿ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ጓደኛዋን ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ አሏት። ይቺ እኮ አንዲት ቀዳዳ ናት የቀረችልዎት አለቻቸው።

«ሰው በሩን ሲዘጋብሽ በጎረቤት መስኮት አይታይም፣ እቴ። ልጄ እንዳያት አልፈለገችም። እንግዲህ አላያትም።» ስልኩን መልሰው ሰጧት። «አንቺም እንዳታሳዪኝ። እሷ ልታሳየኝ ስትፈልግ ታሳየኛለች።»

«ሲወለድስ?»

«ያኔም ቢሆን።»

ትንሿ ጓደኛዋን አወረደቻት። 

በሳምንቱ ለሚጣ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።  ሚጣ የግፊት ኪኒናቸውን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀች። ራስሽ ብትጠይቂያቸውስ ስትላት፣ አልችልም አክስቴ፣ አሁን አልችልም አለች። ትንሿ ይህንኑ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለጋሽ ፍሬን አደረሰች። ኪኒኔን በሰዓቱ እንደምወስድ ንገሪያት አሉ።

የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ ትንሿ ልታርሳት ፈቃድ ወሰደች። ጋሽ ፍሬን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ሻንጣዋን ራሳቸው ጫኑ፤ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ወርደው ሹፌሩን አነጋገሩት፤ ቁልቁለቱ ላይ በማርሽ ያዘው፣ ፍሬን ብቻ አትመን አሉት። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆመው ስለነበር አንድ ተሸካሚ፣ አባት፣ ያመለጠዎት አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች ስልኩን ቶሎ ቶሎ ይከፍቱት ጀመር። የተስተካከለ ስለሆነ ብዙ የሚታይ የለውም። የአየር ጠባዩን ያያሉ፣ ጡረታ የወጣ ባልደረባቸው የተከለውን አበባ ያያሉ፣ ከዚያ ስልኩ አዲስ ነገር ሁሉ አይተው ጨርሰዋል ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት ትንሿ ደወለች። ዘግይቼ ነው፣ በሰላም ገብቻለሁ ልልዎት ነው አለች። መንገዱ እንዴት ነበር አሏት። ጥሩ ነበር፣ ሹፌሩ ረጋ ያለ ነው አለች።  ስለ ሕፃኑ ላለማንሳት ትንሿ ቃል ሰጥታለች፤ ቃሉን ያስገቧትም እሳቸው ናቸው።

ያን ጊዜ ከእሷ ኋላ፣ ከሌላ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፣ ሕፃን አለቀሰ። ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ ነው። ጋሽ ፍሬን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ትንሿ እንደሰሙ አውቃለች፣ ግን ስልኩን አላራቀችም። አንዲት ሴት በለሆሳስ እሹሩሩ ስትል ተሰማ፤ ድምጿን ለዩት። ለቅሶው ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ እስኪቆም ድረስ ሁለቱም ስልኩን እንደያዙ ቆዩ።

«በይ፣ ደህና ዋዪ» አሉና ዘጉት።

ወንድ ይሁን ሴት አልጠየቁም።