ያን ቀን አልያዝከውም

ወንድሜ ይዲድያ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ አላናገረኝም። የምንኖረው ግን አንድ ቤት ነው፤ ካናዳ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጨው ቢፈልግ፣ ጨው ያለው እኔ ፊት ቢሆንም፣ «እንድታቀብለኝ ንገሪያት» ይላል ለእናታችን። እማዬም ዞር ብላ፣ «አቀብዪው» ትለኛለች።

ምክንያቱ አንድ ኳስ ነው።

በየዓመቱ በጥቅምት፣ በካናዳ የምስጋና ቀን ሰሞን፣ የሴንት ጄምስ ታውንና የፓርክዴል ሰፈር የእኛ አገር ልጆች፣ ኳሱ በእጅ በሚያዝበት በአሜሪካ ፉትቦል ይጋጠማሉ። ተጋጭቶ መጣል የለም፤ ወገብ ላይ የታሰረውን ጨርቅ መንጠቅ ብቻ ነው። የቀረውን ሕግ በቴሌቪዥን ከሚያዩት ከአሜሪካው ሊግ ከኤንኤፍኤል እንዳለ ይወስዱታል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ዳኛ ያደረጉት እኔን ነበር። ሐሳቡን ያመጣው የፓርክዴል አምበል ፍራኦል ነው።

«ሕጉን አንብባ የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። ደግሞ አትጮህም» አለ። የይዲድያ እህት መሆኔን ሲያነሱበት ሳቀ። «ጽዮን ለእናቷም አታዳላም!»

በመጨረሻው ደቂቃ፣ ፓርክዴል እየመራ ሳለ፣ ይዲድያ ዘሎ ኳሱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ጎል መስመሩ ካደረሰው የእኛ ሰፈር ያሸንፋል። ሁለት እግሩ መሬት ነካ፤ ሦስተኛ እርምጃ ረገጠና እየወደቀ ወደ ጎል መስመሩ ተዘረጋ። መስመሩ ላይ ሲያርፍ ግን ኳሱ መሬት መታና ከእጁ አምልጦ ተንሸራተተ። ጓደኞቹ እየጨፈሩ ሊሸከሙት ሮጡ። ፍራኦል ወደ እኔ ሮጠ።

«ሕጉ ምን ይላል ጽዮን? ያነበብሽውን ብቻ ንገሪን።»

ሕጉ ግልጽ ነበር። እየወደቀ የሚይዝ ተጫዋች፣ ወድቆ እስኪያበቃ ድረስ ኳሱ ከእጁ ካልወጣ ነው ያዘ የሚባለው።

«አልያዘውም» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንኳ በደንብ አልተሰማኝም። ፍራኦል ነው ለሜዳው ሁሉ ጮኾ የነገረልኝ።

ዋንጫው ፓርክዴል ገባ። በሳምንቱ ፍራኦል ደወለልኝ። «በወንድምሽ ላይ እውነት የምትናገሪ ሰው ነሽ። እንዳንቺ ዓይነት ሰው አላጋጠመኝም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አብረን ነን። ዘንድሮ በበጋ ቀለበት ልናስር ተነጋግረን ነበር።

ባለፈው መጋቢት ሊጉ ሕጉን ለወጠ። ከእንግዲህ ኳሱን ይዞ ሁለት እግሩን ያሳረፈና ሦስተኛ እርምጃ የረገጠ፣ ወይም ወደ መስመሩ የተዘረጋ፣ ሲወድቅ ኳሱ ቢያመልጠውም ይዟል። በቴሌቪዥን የድሮ ጨዋታዎችን እያወጡ፣ «ይሄ ዛሬ ቢሆን ተይዟል፤ ያም ተይዟል» ማለት ጀመሩ። እኔም ያቺን ደቂቃ መልሼ አሰብኳት። በአዲሱ ሕግ ወንድሜ ይዞታል። ደስ አለኝ። የምንታረቅበት ቀን የመጣ መሰለኝ።

የዳግማ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በሕንፃችን የድግስ ክፍል ለዕርቅ ተሰበሰብን። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ለሽምግልና የተጠሩት ጋሽ ወልደገብርኤል ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሞላላ ኳስ አገላብጠው አዩት።

«ይቺ እንቁላል ናት ወንድምና እህት ያቆራረጠችው?»

ሁሉም ሳቀ። ይዲድያም ሳቀ።

ፍራኦል ዋንጫውን ከፌስታል አወጣ። «ጋሼ፣ ነገሩ ክሊር ነው። ይዲድያ ያን ቀን ኳሱን ይዞት ነበር። ጽዮን ናት የተሳሳተችው። ልጅ ነበረች፤ እኛም ዝም ብለን ተቀበልናት።»

አየሁት። እሱ ግን ወደ ጋሽ ወልደገብርኤል ነበር የሚያየው።

«አንተ ሌባ!» አለ ይዲድያ ዋንጫውን እየተቀበለ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አቧራ ስታጠጣው ከረምክ?»

«አንተ ጋ ቢሆን የቢራ መጠጫ ታደርገው ነበር!»

ተቃቀፉ። ጋሽ ወልደገብርኤል ወደ እኔ ዞሩ።

«በይ ልጄ፣ ታናሽ አንቺ ነሽ። ጉልበቱን ሳሚና ‹ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በለኝ› በይው። በዚሁ ይብቃ።»

ፍራኦል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «በይው በቃ። አንድ ቃል ናት።»

«ያነበብሽውን ንገሪን ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«አሁን ይሄን አታንሺ፣ ፕሊስ።»

ያኔ ይዲድያ ቀጥ ብሎ አየኝ። «ጽዮን» አለ። ስሜን ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! «ይዤው ነበር፣ አይደል?»

ጉልበቱ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር። እማዬ በዓይኗ ትለምነኛለች። ተነሣሁ።

«ዛሬ ቢሆን ይዘኸው ነበር» አልኩት። «ዋንጫውም ይገባሃል፤ ደስ ብሎኛል። ስለተቀየምከኝ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ያን ቀን ግን አልያዝከውም። አልተሳሳትኩም፣ ይዲድያ።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። ይዲድያ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊቱን ከእኔ አዞረ።

«ኮቷን እንዳትረሳ ንገራት» አለው ለፍራኦል።

ፍራኦል ወለሉን እያየ ወደ እኔ ዞረ።

«ኮትሽን እንዳትረሺ» አለኝ።