ለእናቱ ያስቀመጠው ሙሾ

ጌታሁን ደራሲ ነኝ ይላል፤ የቆቦ ሰው ግን የሚያውቀው በጠጪነቱ ነው። ልብ ወለዱን አዲስ አበባ ድረስ ይዞት ሄዶ "ገበያ የለውም" ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጎብዬ ላይ ሽንኩርት ጫነ፣ ዋጃ ላይ ማሽላ ከወፍ ጠበቀ፣ መናኸሪያ ተሳፋሪ ጠራ። ከሁሉም ቦታ ያባረረው ያው አረቄው ነው።

በመጨረሻ የቀረችው ታንጉት ናት። ታንጉት አረቄ ትሸጣለች፤ ሰው ሲሞት ደግሞ አልቃሽ ናት። እሱ ግጥሙን ይሰጣታል፣ እሷ ለቅሶው ላይ ታወርደዋለች፣ ዋጋውን በመለኪያ ትቀዳለታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ያለውን ግጥም ሁሉ ጠጥቶ ጨረሰው።

አንድ ሙሾ ብቻ አልነካም። እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ባላቸው ከሞቱ በኋላ የማሽላ አገዳ በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ እየሸጡ ነው ያስተማሩት። አሁን ታመዋል። ቀናቸው ሲደርስ የሚላቸውን ከድሮ አዘጋጅቶ ይዟል፤ መጽሐፉ ባይሆንለት ይህችን እንኳ በወጉ ሊል።

ባለወፍጮዋ የትናየት የሞተች ቀን ግን ጭንቅላቱ ባዶ ሆነ፣ አረቄው ግን አላስቀምጥ አለው። ታንጉት ግጥም ካላመጣህ አልቀዳም አለችው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የእናቱን ሙሾ ሰጣት።

በማግስቱ ታንጉት ለቀስተኛው መሀል ቆማ አወረደችው፦

"ከአገዳ ሸክም ስር ጀርባሽ ጎብጦ ቀረ፣
ያቀናሽው ልጅሽ ምን ብሎ ቀበረ?"

የትናየት በዕድሜዋ አገዳ ተሸክማ አታውቅም። ግን በለቅሶ መሀል ይህን ማን ልብ ይላል? ልጆቿ ደረታቸውን ደቁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ለጌታሁን ቃል እንዲህ ያለቀሰ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ይብላኝለትና ለአፍታ ደስ አለው። ከዚያ ከሴቶቹ መሀል እናቱን አየ። ከአልጋ ተነስተው፣ በሰው ተደግፈው ለቅሶ ደርሰዋል። እሳቸው አላለቀሱም። ጎብጠው እንደተቀመጡ እሱን ያያሉ።

ቤት ሲገቡ እግራቸው ላይ ወድቆ ሌላ እንደሚጽፍላቸው፣ ከዚያኛው የሚበልጥ እንደሚያወጣ ማለላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

"ተወው ልጄ" አሉት። "ዛሬ የራሴን ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። ግጥም አልፈልግም። ያን ቀን ብቻ ሳትጠጣ ቅበረኝ።"

እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ እሳቸውም የሚጠብቁት ያችኑ እሺታ ነው። ጌታሁን ግን ራሱን ያውቃል። እናቱን በብዙ ነገር አሳዝኗል፤ እያወቀ ዋሽቷቸው ግን አያውቅም። እሺታዋን ሳይሰጣቸው እግራቸውን ስሞ ተነሳ።