ኤጀንት ለምኔ

ጡረታ እስክወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ቁጥር አራት ላይ ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ ስመልስ ኖሬያለሁ። ፎቶው ጠቁሯል፣ ፊርማው ከመስመር ወጥቷል፣ ኮፒው ተቆርጧል፤ ሂድና አስተካክለህ ና። እንዲህ ያለ ሰው ለራሱ ቪዛ ኤጀንት ይቀጥራል? እኔ በበኩሌ ስድብ መስሎ ታየኝ።

ነገሩን ያመጣችው የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው አገር ብቻዋን ትኖራለች። የመርሳት በሽታ እንደጀመራት ሐኪም የነገራት ዕለት ለባለቤቴ ደወለች።

«የጡረታ ቪዛ የሚባል አለ። ኤጀንት ያዙና ቶሎ ኑልኝ፤ ሳልረሳሽ» አለቻት።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ ገበያው አጠገብ ያለውን የኤጀንት ቢሮ አድራሻ ጽፋ ሰጠችኝ።

«እኔ እያለሁ?» አልኳት። «የዚያ ቢሮ ሰዎች ፎርም መሙላት የተማሩት እኔው ጋ ተሰልፈው ነው።»

«አስተማርካቸው ወይስ አባረርካቸው?»

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሥራውን ጀመርኩ። የጡረታ ደብዳቤው ማህተም ጠርዙ ጋ ትንሽ ደብዝዟል። ሌላ ሰው ቢያመጣው ዓይኔን ሳላሽ እመልሰው ነበር፤ ስለዚህ የራሴንም ሌላ እንዲጻፍልኝ መለስኩት። አዲሱ እስኪመጣ የሕክምና ምርመራችን ጊዜው አለፈ። ምርመራውን ስናሳድስ የፖሊስ ማስረጃው አለፈ። እሱ ሲመጣ ደግሞ ፎቶአችን አረጀ። ባለቤቴ ፎቶ ቤት በተቀመጠች ቁጥር «ለዚህኛውስ ምን እንከን ልታወጣለት ነው?» ትለኛለች። ክፋት አልነበረኝም። ግን እውነቱን ለመናገር ጥንቃቄ ብቻም አልነበረም፤ ያ መስኮት ናፍቆኝ ነበር።

ታላቅየዋ በስልክ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጀመረች። አንድ ቀን ባለቤቴን በእናታቸው ስም ጠራቻት። በማግስቱ ባለቤቴ ፎልደሩን ከፊቴ አንስታ ወደ ኤጀንት ቢሮው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

ኤጀንቷ ወጣት ሴት ናት። ሁለቱን የጡረታ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው።

«አባባ፣ የመጀመሪያው ምን ሆኖ ነው የተመለሰው?»

«ማህተሙ።»

ወደ ብርሃን አስጠጋችው። «ምንም አልሆነም እኮ። ዓምና በዚሁ ያገኙ ነበር።»

ባለቤቴ ዞራ እንኳ አላየችኝም። ምናለ በሰው ፊት በሰደበችኝ!

ቪዛው በአምስት ሳምንት ወጣ። እህቷ ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተችልን አስታማሚዋ ናት። ታላቅየዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ በደንብ ተበጥሯል፣ ፊቷም ያው የድሮው ነው። ባለቤቴ ሻንጣውን ጥላ ሮጠች፤ እግሯ ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘች።

«መጣሁልሽ፤ እኔ ነኝ» አለቻት።

ታላቅየዋ በትሕትና ፈገግ አለች።

«ኧረ ይነሱ፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለቻት። «እህቴም በቅርቡ ትመጣለች። ባሏ ወረቀት የሚያውቅ ሰው ነው፤ እየጨረሰላት ነው።»