የጠዋቱ ይበል

«ይበል! ይበል ልጄ! ይበል!»

መሪጌታ አትናቴዎስ ከኋላ ወንበር ብድግ ሲሉ በርኖሳቸው ከትከሻቸው መንሸራተቱን እንኳ አላወቁም። አዳራሹ ውስጥ ሽቦ ሲዘረጉና ወንበር ሲደረድሩ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩአቸው። መድረኩ ላይ ቅኔዋን ነግራ ማይክሮፎን ይዛ የቆመችው ልጃቸው የምሥራች መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። አባቷ ያልገባቸው ነገር እንዳለ ያኔ ነው የታወቃት።

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ቃለአብ እየሳቀ ወደ እሳቸው መጣ።

«የኔታ፣ እርስዎ እኮ ማይክም አያሻዎት! ግን ይበሉን ለከሰዓት ያቆዩልን። ይሄ ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

«ድምፅ ማጉያውንና ስክሪኑን ለመሞከር ነዋ። ዳኞቹም ሰዉም የሚገቡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

«ያኔ ምን ልትል ነው ታዲያ?»

«ይህንኑ ነዋ!»

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ደስታቸው ገና ከጉሮሯቸው ሳይወርድ ነው ድንጋጤው የደረሰባቸው።

የአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የዓለም ቋንቋዎች ፌስቲቫል ዘንድሮ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ አድርጎታል። የራቤል ተማሪዎች የፈረንሳይኛ ተውኔት ይዘው መጥተዋል፤ የመሐል ሜዳዎቹ በቻይንኛ ይዘፍናሉ። የእነ የምሥራች ቀየት ደግሞ በግዕዝ ቅኔ ቀርባለች። ያሸነፈ ክረምቱን በዩኒቨርሲቲው ወጪ ቋንቋ ይማራል። ቃለአብ እንቅልፍ ያጣው ለዚህ ነው።

የምሥራች የፈለገችው ግን ሌላ ነው። አባቷ ቀየት ላይ ቅኔ ያስተምራሉ። ከግሼም ከመርሐቤቴም የመጡ ወጣቶች አጎዛቸውን እያነጠፉ በፊታቸው ይቀመጣሉ፣ በልባቸው የቆጠሩትን አዲስ ቅኔ ይነግራሉ፣ እሳቸው ያርማሉ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። እሷን ያስተማራት ግድግዳው ነው ማለት ይቻላል፤ ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ለጥፋ ነው ያደገችው። ጉባኤው ላይ ልቀመጥ ብላ ሁለቴ ጠይቃ ሁለቴም እንቢ ተብላለች። መሪጌታ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ «የኔታ ሴት ልጅ አስቀመጡ» ብሎ ደብሩ እንዳያወራ ፈርተው ነው። በመጨረሻ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት እኔ ነኝ» ብላ ስታለቅስ እናቷ ጌታነሽ መሐል ገባችና ከባሏ አንድ ቃል አወጣች፦ «በፌስቲቫሉ ቀን ልስማት። ቅኔ ካላት እናያለን።»

ሰሟት። አላት። እሳቸውም በሰው ፊት ጮኸው መሰከሩላት። ችግሩም ከዚሁ ነው የመጣው።

ከአዳራሹ ውጭ፣ ነፋሱ በርኖስ እየገለበ፣ ሦስቱ ቆመው ተከራከሩ።

«ቅኔ አይደገምም፣ መምህር» አሉ መሪጌታ። «ተሰማ፣ ይበል ተባለ፣ አለቀ። የትናንቱን ዛሬ ይዞ የመጣ ተማሪ እኔ ጉባኤ ላይ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመለስ።»

«የኔታ፣ ማን ሰማው? ወንበር ደርዳሪዎቹ?»

«እኔ ሰማሁት።»

«ትርጉሙ እኮ ስክሪኑ ላይ ተጭኗል! ከዳኞቹ ግዕዝ የሚያውቁት አንዱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ያንን እያነበቡ ነው ነጥብ የሚሰጡት። ሌላ ቅኔ ካለች እሷ ወዲያ፣ ስክሪኑ ወዲህ ነው የሚሆነው። የራቤሎቹ ተውኔታቸውን መቶ ጊዜ ደጋግመውታል፤ ማን ምን አላቸው?»

«ተውኔትማ ይደገማል።»

የምሥራች የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ስታዳምጥ ቆይታ፣ «አባባ፣ ልምምድ ነው ብዬዎት ነበር እኮ» አለች።

«ልምምድ ስትይኝ ድምፅሽን የምታሟሺ መስሎኝ። ቅኔውን ትነግሪዋለሽ ብዬ መች አሰብሁ? ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ብል ኖሮ እንዳልሰማ እሆን ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይፍቱኝ። ለዛሬ ብቻ።»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩአት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ግን ቅኔ ደገማችሁ ብለው ያሳፈሯቸው ተማሪዎች ፊታቸው ላይ ድቅን አሉ። የገዛ ልጃቸውን ፈትተው ነገ እነሱ መሐል ቢያስቀምጧት በምን ዓይናቸው ያዩአቸዋል?

«እኔ አልፈታሽም፤ አላስርሽምም። አንቺ እንዳየሽ» አሉ።

የምሥራች ከአጥሩ ጀርባ ወዳሉት ባሕር ዛፎች ሄደች። ምሳ ሲበላ አልመጣችም። ቃለአብ ዳቦ ይዞላት ሄዶ ዳቦውን እንደያዘ ተመለሰ።

«ቅኔ ትቆጥር ይሁን ታልቅስ እንጃ። የኔታ፣ ልጅቷን ገደል ከተቷት» አላቸው። መሪጌታ ወደ ዛፎቹ ዞሩ። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም አሉ በልባቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። የራቤሎቹ ተውኔት ሰዉን በሳቅ አፈረሰው፤ ፈረንሳይኛ የማይሰሙት እንኳ ስክሪኑን እያዩ ሳቁ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ምን እንደወሰነች አያውቁም፤ ትድገም ወይስ አትድገም ብለው መመኘት እንኳ ቸግሯቸዋል። ብትደግም ታሸንፋለች። ብትደግም ደግሞ እሳቸው ዘንድ አበቃላት።

«ቀየት!» ተባለ።

የምሥራች ነጠላዋ ላይ ደረቅ ቅጠል እንደተጣበቀ ወጣች። ከጀርባዋ የጠዋቱ ቅኔ ትርጉም ቦግ አለ። ዞር ብላ አየችውና ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለች።

«ስክሪኑን ያጥፉልኝ። እሱ የጠዋቱ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። የፌስቲቫሉ ኃላፊ ዶክተር ኮከቤ ግራ ገብቷቸው ቃለአብን አዩት። ቃለአብ ላፕቶፑ ላይ እጁን አድርጎ ለአፍታ ቆየ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ዘጋው።

ሁለት ቤት ያላት አጭር ቅኔ ነበረች። የምሥራች የመጀመሪያውን ቤት አወረደችው። በቤተ መቅደስ የቆመው ካህኑ ዘካርያስ፣ ልጅ ትወልዳለህ ቢባል አላምንም ብሎ አንደበቱ ታሰረ፣ ነው የሚለው። ግዕዝ የሚያውቁት ዳኛ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። መሪጌታም ቀና አሉ። ያላመነው ካህን ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው ጋለ።

ከዚያ ዝም አለች።

መጀመሪያ ሰዉ ትንፋሽ የምትወስድ መሰለው። ዝምታው ረዘመ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ከፊት ረድፍ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ሰዓት ያዡ እጁን አነሳ፤ ትንሽ ቀርቷል ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ቤት መሪጌታ ምላስ ላይ ነበር። እሷ የመጀመሪያውን ሳትጨርስ ነው የመጣላቸው፤ ዘካርያስ የልጁን ስም በጻፈ ጊዜ አንደበቱ ተፈታ ብሎ፣ ልክ ሆኖ፣ ቤት መትቶ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ጎዶሎ ሲሞሉ ነው የኖሩት፤ አፋቸው ራሱ ተከፈተ። ከኋላ ሆነው ቢጥሉላት ትቀበለዋለች፤ ሳቁም ያበቃል። ቅኔው ግን የሳቸው ይሆናል። ልጄ፣ ልጄ፣ ፈልጊው አሉ በሆዳቸው፤ የበርኖሳቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጭነው ያዙት።

ደወሉ ተደወለ።

«አልሞላልኝም» አለች የምሥራች። «ይቅርታ።» እጅ ነስታ ወረደች።

ራቤሎች አሸነፉ።

ወደ ቀየት ሲመለሱ ቃለአብ ላፕቶፑን ታቅፎ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። አባትና ልጅ ከኋላ ናቸው። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወርዳ ኮረኮንቹን ስትጀምር የምሥራች ከመስኮቱ ሳትዞር ተናገረች።

«አባባ፣ ሁለተኛው ቤት ምንድን ነበር? እርስዎ አግኝተውታል። አፍዎ ሲከፈት አይቼዎታለሁ።»

«አግኝቼዋለሁ።»

«ይንገሩኝ እንግዲህ። አሁን ምን ቀረ?»

መሪጌታ በመስኮቱ የገብሱን ማሳ አዩ። ቤቱ አሁንም ምላሳቸው ላይ ነው። ቢነግሯት ደስ ይላታል፤ ነገሩም እዚሁ መኪና ውስጥ ያልቃል።

«አልነግርሽም» አሉ።

አንገቷን ደፋች። እንባዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አዩአት። ቀጥሎ የሚሉትን ነገር ደብሩ እንዴት እንደሚያወራው አሰቡ፤ አስበውም ተዉት።

«ጉባኤው ጠዋት ከኪዳን ጸሎት በኋላ ነው» አሉ። «ተማሪው ሁሉ የጎደለበትን የሚሞላው እዚያው ነው። አንቺም ነገ እዚያው ትሞይዋለሽ።»

የምሥራች ቀና አለች። የሰማችውን ያመነች አትመስልም።

«የት... ጓዳ ሆኜ?»

«ጓዳ ምን ልታደርጊ? ከተማሪዬ ከመልከ ጼዴቅ ጎን ቦታ አለ» አሉ መሪጌታ አትናቴዎስ፤ በርኖሳቸውን ሰብሰብ እያደረጉ። «አጎዛሽን ይዘሽ ነይ።»