ወንበር ላይ የተቀመጠችው አሮጊት

የወንድሜ ልጅ ብዙ ደክማ የሠራችው ትንሽ አውሮፕላን አፍንጫው ላይ ካሜራ አለው፤ ካሜራው የሚያየውን እኔም ዓይኔን በሸፈነው መነጽር ውስጥ አያለሁ። ግማሹን ዓለም በአውሮፕላን መስኮት ያየሁ ሴት ብሆንም፣ መቆጣጠሪያ ይዤ ራሴ ሳበርር ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አውሮፕላኑ ባዘነበለ ቁጥር እኔም አብሬ ስለማዘነብል፣ ልጅቷ ሜዳ ላይ ከኋላዬ ቆማ ወንበሬን ይዛልኛለች።

«አክስቴ፣ የሚበረው እሱ ነው፤ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!»

«አብራሪ አይነዘነዝም፤ ዝም በይ።»

ጥቂት ቆይታ ድምፅዋ ተለወጠ። «ባትሪው እያለቀ ነው። ከወደቀ ሌላ የለኝም። እኛን ፈልጊና አጠገባችን አሳርፊው።»

ሜዳውን ደጋግሜ ዞርኩት። «የለንም እኮ! ያሉት አንዲት የጎበጠች አሮጊትና ልጇ ብቻ ናቸው።»

ድንገት ተጠራጥሬ አንድ እጄን ከመቆጣጠሪያው አንስቼ አውለበለብኩ። አሮጊቷም አውለበለበች።

«ይህን ያህል ጎብጫለሁ?»

«መጀመሪያ አሳርፊው፤ ከዚያ እንጨቃጨቃለን!»

የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ አሮጊቷ አቀናሁ። እየቀረብኳት ስሄድ ፊቷ ጎልቶ ታየኝ፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ትስቅ ነበር። እየሳቅኩ መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እግሯ ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ በሰላም አረፍኩ።